አጽሙ ቀርቶ ዘፈኑ መጣ፦ የቦብ ማርሌ 60ኛ ልደት በመስቀል አደባባይ

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ጥምቀት ካለፈ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። መስቀል አደባባይ ግን ሌላ በዓል ይዟል። የልደት በዓል ነው፤ ባለ ልደቱ ግን የለም። በ36 ዓመቱ አሜሪካ ማያሚ ውስጥ በካንሰር ከሞተ 24 ዓመት ሊሞላው የቀሩት ጥቂት ወራት ናቸው። ቢኖር ኖሮ ያን ቀን 60 ዓመት ይሆነው ነበር።

ቦብ ማርሌ የተወለደው ጃማይካ ነው፤ ሴንት አን በሚባለው አውራጃ፣ ናይን ማይል በምትባል ተራራማ መንደር። የተቀበረውም እዚያው። ኢትዮጵያን በሕይወቱ የረገጣት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ለጥቂት ቀናት። ታዲያ 60ኛው ልደቱ ለምን አዲስ አበባ ተከበረ? ልደቱ በየዓመቱ ጃማይካ ውስጥ ሲከበር የኖረ ሰው ነው። በዓሉ ከአገሩ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። ወደ ለንደን ወይም ወደ ኒውዮርክ ቢወጣ ለገንዘቡም ለካሜራውም ይቀል ነበር። እነሱ ግን የመረጡት መስቀል አደባባይን ነው። ያውም በነጻ፣ ያለ ትኬት።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ነው። ስለ ኮንሰርቱ ብዙ ተብሏል፤ አብዛኛው ስለ ሰዉ ብዛትና ስለ ጭፈራው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከኮንሰርቱ በፊት የተነሣው የአጽም ክርክርና ከኮንሰርቱ በኋላ ሳይነካ የቀረው የሻሸመኔ ጣጣ ነው። መሐሉ ላይ ደግሞ አንድ የአማርኛ ንግግር አለ። እሱን ስመለስበት አይታችሁ ፍረዱ።

ኳስ አሠልጣኙ ጓደኛ

ቦብ አዲስ አበባ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ ላይ ነው፤ በእኛ 1971 መጀመሪያ መሆኑ ነው። ጊዜው ደርግ ነው። ጃንሆይ ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏል። የቀይ ሽብር ቁስል ገና ትኩስ ነው፤ የኦጋዴኑ ጦርነት የበረደውም በዚያው ዓመት ነው። መስቀል አደባባይ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። የጃንሆይን ስም በበጎ ማንሣት ጣጣ የሚያመጣበት ዘመን ነው። እንግዲህ ጃንሆይን እንደ አምላክ የሚያይ ሰው በዚህ ሰዓት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ አስቡት።

የተቀበለው ጓደኛው አለን ኮል ነው። «ስኪል» ይሉታል። ጃማይካ ከወለደቻቸው ታላላቅ ኳስ ተጫዋቾች አንዱ ሲሆን፣ ያን ጊዜ እዚህ ተቀምጦ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የእግር ኳስ ቡድን ያሠለጥን ነበር። ቦብ ከጊታር ቀጥሎ ኳስ ይወድ እንደነበር የማያውቅ የለም። ስለዚህ ጉዞው ግማሽ መንፈሳዊ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ጓደኛን ማየት። የታሪክ መጻሕፍት መንፈሳዊውን ብቻ ያጎላሉ። እኔ የኳሱን ክፍል እወደዋለሁ።

ከዚያ ወደ ሻሸመኔ ወረደ። ስለ ዚምባብዌ ነጻነት የሚያወራውን ዘፈኑን የጻፈው እዚያ ነው ይባላል። በቀጣዩ ዓመት በወጣው «ሰርቫይቫል» አልበም ውስጥ ገባ። የ1997ቱ ዝግጅት ስሙን የወሰደበት «አፍሪካ ዩናይት»ም እዚያው አልበም ላይ ነው ያለው። በሌላ አነጋገር፣ የበዓሉ ስም ራሱ ከዚያ ጉዞ ሰሞን የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1980 ዚምባብዌ ነጻ ስትወጣ ቦብ በነጻነት በዓሉ ላይ ሐራሬ ሩፋሮ ስታዲየም ዘፈነ። በዓመቱ ሞተ።

የአማርኛው ንግግር

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

መስከረም 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1963) ጃንሆይ ኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆሙ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ገና አምስት ወር አልሞላውም። ንግግራቸውን ሲጀምሩ ከ27 ዓመት በፊት ጄኔቫ ላይ ሆነው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ያቀረቡትን አቤቱታ አስታወሱ። ያኔ ማንም አልሰማቸውም። አሁን ግን ጉባኤው ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። የተናገሩት በአማርኛ ነው።

በንግግሩ ውስጥ አንድ ረጅም ክፍል አለ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ አንዱን ዘር የበላይ ሌላውን የበታች የሚያደርግ አስተሳሰብ ጨርሶ እስካልወደቀ ድረስ፣ በአንድ አገር ውስጥ አንደኛና ሁለተኛ ዜጋ መባባል እስካልቀረ ድረስ፣ የሰው የቆዳ ቀለም ከዓይኑ ቀለም የበለጠ ትርጉም እስካላጣ ድረስ፣ አፍሪካ ሰላም አታገኝም።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህን አረፍተ ነገር ሲሰማ ምን እንደሚሆን ያውቃል። «እስካል… ድረስ» ከተባለ አረፍተ ነገሩ ገና ተንጠልጥሏል። ግሡ አልመጣም። ትጠብቃለህ። ሌላ «ድረስ» ይጨመራል፤ አሁንም ትጠብቃለህ። ሦስተኛው ይመጣል። ማሰሪያው ሲወድቅ እንደ በር ድው ይላል። እኛ ቋንቋችን እንዲህ ስለሆነ አይደንቀንም።

ከ13 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ቦብ «ዋር» የሚለውን ዘፈን አወጣ፤ ጦርነት ማለት ነው። ግጥሙ ከሞላ ጎደል ይኸው የጃንሆይ ንግግር ነው፤ በእንግሊዝኛው ትርጉም። ዜማ ለውጦ ግጥም አልቀየረም፤ ንግግሩን ቆርጦ ቆርጦ በከበሮና በቤዝ ላይ ደረደረው። ዘፈኑ ሙዚቃው ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ቤዙ አንድ ቦታ ይመላለሳል። የሚንቀሳቀሰው ቃሉ ነው። «እስካል…» ይላል፣ «እስካል…» ይላል፣ ከዚያ አንድ ቃል፦ ጦርነት። እንደገና ይጀምራል። ያ የአማርኛ መንጠልጠል ሁለት ቋንቋ ተሻግሮም አልጠፋም። ሙዚቀኞች ሲያስረዱ ስለ ሬጌ ምት ያወራሉ። እኔ ግን ዘፈኑን በሰማሁ ቁጥር የሚሰማኝ ያው የእኛ «ድረስ» ነው።

ዘፈኑ በደራሲነት የተመዘገበው በማን ስም መሰላችሁ? በከበሮ መቺው በካርልተን ባሬትና በአለን ኮል። አዎ፣ በዚያው በአየር መንገዱ አሠልጣኝ።

እንግዲህ መንገዱን ተከተሉ። ቃሉ በአማርኛ ተነገረ። ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ኪንግስተን ደርሶ ሬጌ ሆነ። ከዚያ በካሴት ተቀድቶ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ አንድም እንግሊዝኛ የማይችል ጎረምሳ በታክሲ ውስጥ አብሮ ሊያንጎራጉረው። ስንቱ የመርካቶ ልጅ የራሱን ንጉሥ ንግግር መጀመሪያ የሰማው ከቦብ አፍ ነው። ጃንሆይ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ጨቋኝ ብቻ በተሣሉበት ዘመን፣ ንግግራቸው በድንበር ጠባቂ ሳይያዝ በሬጌ ተደብቆ ገባ።

በነገራችን ላይ ቀለሙም እንደዚሁ ነው። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ሲያልፍ «ራስታ ቀለም» ይባላል። የገዛ ባንዲራችንን ስም ከካሪቢያን ተበድረን መልሰን ገዛነው። ስያሜው ራሱ፣ ራስታፈሪ፣ የራስ ተፈሪ ስም ነው።

«አጽሙን እናምጣ»

ኮንሰርቱ ሊቃረብ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ሪታ ማርሌ አንድ ነገር ተናገረች። የባሏን አጽም ከናይን ማይል አውጥታ ሻሸመኔ መቅበር እንደምትፈልግ። መንፈሳዊ ማረፊያው ኢትዮጵያ ናት፣ የሱም ዓላማ ይኸው ነበር፣ የሚል ነው ነገሩ። ወሬው በአንድ ቀን ዓለምን ዞረ።

ጃማይካ ተቆጣች። መቆጣቷም አይፈረድም። ቦብ እዚያ የቤተሰብ ንብረት አይደለም። ሲሞት የመንግሥት ቀብር ነው የተደረገለት፤ ንግግር ያደረጉት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ሲያጋ ነበሩ። ናይን ማይል ያለው መቃብሩ ከየአገሩ ሰው የሚጎርፍበት ቦታ ነው። አጽሙን ማንሣት ማለት የአንድ መንደር እንጀራ ማንሣትም ነው። ወዲያው የቦብ ማርሌ ፋውንዴሽን እንዲህ ያለ ዕቅድ የለም ብሎ አስተባበለ። ነገሩ ተዳፍኖ ቀረ።

ሰዉ ሪታን እንደ ቀላዋጭ ያያት ነበር፤ ለኮንሰርቱ ማስታወቂያ ነው ያሉም አልጠፉም። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሪታ ከጃንሆይ ጋር ያላት ነገር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ጃንሆይ ኪንግስተን ሲገቡ እሷ ከሕዝቡ መሐል ቆማ አይታቸዋለች። ቦብ ያኔ አሜሪካ ደላዌር እናቱ ጋ ሄዶ እየሠራ ነበር። ወደ ራስታ ሃይማኖት ቀድማ ያዘነበለችው እሷ ናት። እሱ በኋላ ተከተለ።

ደግሞም ይህችው ሪታ ጥቅምት 1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነበረች። ያኔ የጃንሆይ አጽም ከበአታ ተነሥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈበት ቀን ነው። የሞቱት ነሐሴ 1967 ነው፤ አጽማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ሥር ተቀብሮ ቆይቶ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከዚያም ስምንት ዓመት ያህል በበአታ ቆየ። አብዛኞቹ ራስታዎች ያን ቀብር አልተቀበሉትም። «ያ የሳቸው አጥንት አይደለም፤ እሳቸው አልሞቱም» ነው የሚሉት። ሪታ ግን መጥታ ቆመች። የንጉሡን አጽም በክብር ሲያርፍ ያየች ሴት፣ ከአራት ዓመት በኋላ የባሏንም አጽም እዚሁ ለማሳረፍ ብታስብ ብዙ አይገርምም። ባል የሞተባት ሴት ናት።

የሚገርም ግጥምጥሞሽ ልጨምር። በዚያው ሰሞን እኛ አገርም የምናወራው ስለ መመለስ ነበር። የአክሱም ሐውልት የመጀመሪያው ቁራጭ ከሮም አክሱም የደረሰው ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፤ ከኮንሰርቱ ሁለት ወር ተኩል በኋላ። እኛ «ሐውልታችንን መልሱ» ብለን ስንት ዓመት የጮኽን ሰዎች፣ ጃማይካውያን «አጽማችንን አትንኩ» ሲሉ ልንረዳቸው ይገባ ነበር።

ቀኑ

መስቀል አደባባይን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ግን ልግለጸው። ግማሽ ክብ ሆኖ ወደ ላይ የሚወጣ ሰፊ እርከን ነው። ጠዋት ጠዋት ሯጮች ይሮጡበታል፤ አንዱን እርከን ከዳር እስከ ዳር፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዙ። በአንድ በኩል ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንና ጊዮን ሆቴል አሉ፣ ወዲህ ኤግዚቢሽን ማዕከል። ደመራ የሚለኮሰው እዚህ ነው። ደርግ ሰልፉን የሚያሳየው እዚህ ነበር። እርከኑ የተሠራው ሕዝብ መድረክ እንዲያይ ሳይሆን ሕዝብ ራሱ እንዲታይ ይመስላል። ለኮንሰርት ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ፈተና ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ከመድረኩ 200 ሜትር ርቆ እርከኑ ላይ የተቀመጠ ሰው ዘፋኙ አፉን ከከፈተ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ነው የሚሰማው። ፊት ያለው ወደ ግራ ሲወዛወዝ ኋላ ያለው ወደ ቀኝ ነው። በሬጌ ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም መሰለኝ። ሬጌ ራሱ ከምቱ ዘግየት ማለት ይወዳል።

ስንት ሰው ነበር? 200 ሺህ ያሉ አሉ፤ 300 ሺህና ከዚያ በላይ ያሉም አሉ። ትኬት በሌለበት ማን ይቆጥራል? ይህን ያህል ግን ማለት ይቻላል፦ ለአንድ የሞተ የውጭ አገር ዘፋኝ ተብሎ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕዝብ ወጥቶ አያውቅም። ፕሮግራሙ 12 ሰዓት ያህል ፈጅቷል።

ቤተሰቡ ሦስት ትውልድ ሆኖ ነው የመጣው። ሪታ አለች። እናቱ ሴዴላ ቡከርም በ70ዎቹ ዕድሜያቸው ውስጥ ሆነው መጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ የኖሩት ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ልጆቹ ደግሞ ዚጊ፣ ስቲቨን፣ ጁሊያን፣ ካይማኒና ዴሚያን ናቸው። ዴሚያን አባቱ ሲሞት ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። አባቱን የሚያውቀው እኛ በምናውቀው መንገድ ነው ማለት ይቻላል፤ ከቴፕ። ከአፍሪካ ደግሞ ከሴኔጋል ዩሱ ንዱርና ባባ ማል፣ ከቤኒን አንጀሊክ ኪጆ ነበሩ። የአፍሪካ ኅብረት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ አጋር ሆነው ስማቸው ተነሥቷል። የዓለም ባንክና ቦብ ማርሌ በአንድ ፖስተር! የድሆቹ ዘፋኝ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር ብሎ የጠየቀ ብዙ ነው። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን 12 ሰዓት ሙሉ ነጻ ኮንሰርት በባዶ ኪስ አይዘጋጅም።

ከኮንሰርቱ ጎን ከየአፍሪካው አገር የመጡ ወጣቶች የተሰበሰቡበት ጉባኤም ነበር። ከዓመታት በኋላ ስቴፋኒ ብላክ የምትባል ዳይሬክተር በዝግጅቱ ላይ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች፤ ስሙ ያው «አፍሪካ ዩናይት» ነው። ፊልሙን ያየ ሰው የሚረሳው አይመስለኝም፤ ከጃማይካ የመጣ አንድ አዛውንት ራስታ ዕድሜውን ሙሉ የዘመረላትን ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲረግጥ ይታያል። ከመድረኩ ሁሉ ይልቅ የኮንሰርቱን ትርጉም የሚያሳየው ያ ሰው ነው። እኛ ቪዛ ፍለጋ ኤምባሲ በር ላይ ስንሰለፍ፣ እሱ የተሰለፈው ወደኛ ለመምጣት ነበር።

ሦስት ወር ቆይቶ ያው አደባባይ እንደገና ሞላ። ሚያዝያ 29 የኢሕአዴግ ደጋፊዎች፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 የተቃዋሚዎቹ። ከዚያ ግንቦት 7 መጣ፣ የመጣውም መጣ። የ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ሲነሣ ሰዉ የሚያስታውሰው እነዚያን ሁለት ቀናት ነው። ጥር 29 በእነሱ ጥላ ሥር ተሸፈነች። ያ ዓመት እንዲህ ባያልቅ ኖሮ ኮንሰርቱ በከተማዋ ትዝታ ውስጥ አሁን ካለው የሰፋ ቦታ ይኖረው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሻሸመኔ ምን አገኘች?

እዚህ ላይ ነው ወቀሳዬ።

ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ ሻሸመኔ ዳር፣ ጃማይካ ሰፈር አለ። ጃንሆይ በጣልያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የአፍሪካ ዘር ላላቸው የውጭ ሰዎች አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ፤ 200 ሄክታር ያህል ነው። የተሰጠው ዶክተር መላኩ በያን ኒውዮርክ ላይ በመሠረቱት በኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን በኩል ነው። ከ1950ዎቹና ከ60ዎቹ ጀምሮ ሰው በጥቂት በጥቂቱ መጣ። ከዚያ 1967 መጣና ደርግ መሬት ሲወርስ የነሱም አብሮ ተወረሰ። እንዲያርሱ የቀረላቸው ጥቂት ነው። ቦብ የጎበኛቸው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ ነው።

በ1997ም አብዛኞቹ ወረቀት አልነበራቸውም። ፓስፖርታቸው ካለቀ ስንት ዘመኑ፤ የተወለዱበት አገር ሰው አይደሉም፣ የኢትዮጵያ ዜጋም አይደሉም። እዚሁ የተወለዱ፣ አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች መታወቂያ አልነበራቸውም። ኮንሰርቱ ቀርቶ ከሱ በፊትም በኋላም ይህ ነገር እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ቆይቷል። የመታወቂያ ነገር መላ ያገኘው በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው፤ መንግሥት ያኔ ነው የነዋሪነት መታወቂያ ለመስጠት የወሰነው። ከኮንሰርቱ 12 ዓመት በኋላ።

ያን ቀን በዚያ መድረክ ላይ የመንግሥትም የአህጉርም ድርጅቶች ነበሩ። የቦብን ስም ይዘው ስለ አፍሪካ አንድነት ተናገሩ። የቦብን ሃይማኖት ይዘው ከውቅያኖስ ማዶ የመጡት ሰዎች ግን ማዘጋጃ ቤት ሲሄዱ «እናንተ ማን ናችሁ?» ነበር የሚባሉት። የሞተውን ለማክበር 12 ሰዓት ይበቃል። የቆመውን ለማክበር ግን ቢሮክራሲ ያስፈልጋል፤ ቢሮክራሲ ደግሞ በጊታር አይንቀሳቀስም። ሪታንና ልጆቹን በዚህ አልወቅስም፤ እነሱ እንግዶች ናቸው። ወቀሳው ለባለ ቤቶቹ ነው። ለኛ።

ደግሞ ሚዛኑን ልጠብቅ። ኮንሰርቱ ባይኖር አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ስለ ጃማይካ ሰፈር የሚያውቀው ከአውቶቡስ መስኮት ያየውን ያህል ብቻ ነበር። «ራስታ» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ፀጉሩን ላልተሠራና ሥራ ለፈታ ጎረምሳ የሚሰጥ ቅጽል ነው። ያን ቀን ሰዉ የቃሉን ምንጭ በዓይኑ አየ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ብርሃነ ሥላሴ

የቤተ ክርስቲያኑን ነገር ለመጨረሻ አቆየሁት።

ጃንሆይ ጃማይካ ሄደው ሲመለሱ በሳቸው ስም የሚሰግደው ሰው አሳሰባቸው። ስለዚህ ቄስ ላኩ። እ.ኤ.አ. በ1970 ኪንግስተን የደረሱት አባ ላእከ ማንደፍሮ ናቸው፤ በኋላ የምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት አቡነ ይስሐቅ። ሥራቸው የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነበር፦ ጃንሆይን አምላክ ነው ለሚል ሕዝብ፣ በጃንሆይ ተልከው መጥተው፣ «እሳቸው አምላክ አይደሉም» ብሎ ማስተማር። ብዙዎቹ አልሰሟቸውም። ሪታና ልጆቹ ግን ቀድመው ተጠመቁ። ቦብ ራሱ ለመጠመቅ ለረጅም ጊዜ ይፈልግ እንደነበር፣ ዙሪያው ያሉት ሰዎች ግን ይዘውት እንደነበር አቡነ ይስሐቅ በኋላ ተናግረዋል። የተጠመቀው እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1980 ነው፤ ካንሰሩ ሰውነቱን ከጨረሰው በኋላ። ክርስትና ስሙ ብርሃነ ሥላሴ ሆነ። ከስድስት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1981፣ ሞተ። ፍትሐቱን ያደረሱትም አቡነ ይስሐቅ ናቸው፤ ኪንግስተን ላይ ሬጌ ከመሰማቱ በፊት ግዕዝ ተሰማ።

እና አጽሙ ይምጣ አይምጣ በተባለበት በዚያው የፈረንጆች 2005፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አቡነ ይስሐቅ አሜሪካ ኒውጀርሲ ውስጥ ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ አልመጣም። የተቀበሩት ኪንግስተን ማክስፊልድ ጎዳና ላይ፣ ራሳቸው ባቋቋሟት ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። ብርሃነ ሥላሴ ከሳቸው የጥቂት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ናይን ማይል፣ ተራራው ላይ ነው።